መምህር ኪሮስና የሴሉ ወገብ

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ የሚሄደው ሚኒባስ ከተማው መግቢያ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «የመምህር ኪሮስ ቀብር ላይ ወራጅ አለ?» አለ። በየቀኑ «ገበያው ጋ ወራጅ አለ?» በሚልበት ድምፅ ነበር ያለው። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ «አለ፤ አውርደኝ» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሁለት ሴቶችም ለመውረድ ተነሡ።

እኔ ከምሠራበት ከባሕር ዳር ደሃና ድረስ መጥቼ፣ እናቴን ጠይቄ መመለሴ ነበር። ሰቆጣ አድሬ በማግስቱ መምህር ኪሮስን ቤታቸው ሄጄ ላያቸው አስቤ ነበር። የእናቴ መንደር ስልክ ስለማይሠራበት መርዶው አልደረሰኝም።

«የትኛው መምህር ኪሮስ?» አልኩት ረዳቱን፤ ሌላ ሰው በሆነ ብዬ።

«የባዮሎጂው ናቸዋ። እኔንም አስተምረውኛል» አለና በሩን ከፈተልኝ።

ወረድኩ። ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ወደ ቀብሩ ኋላ እመለሳለሁ፤ በፊት ግን ሰውየው ማን እንደነበሩ ልናገር።

መምህር ኪሮስ አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ከደሃና ሰቆጣ መጥቼ ከአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። እሳቸው ቁመታቸው መካከለኛ፣ አንድ ትከሻቸው ጋደል ያለ፣ ሲሄዱ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ይለብሳሉ፤ ኪሱ በጠመኔ ስብርባሪ የተሞላ ነው። ሰሌዳ የሚያጠፉት በኮታቸው እጅጌ ስለነበር ጠዋት ቡናማ የነበረው እጅጌ ከሰዓት ነጭ ሆኖ ይውላል። የቄስ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው ነበር፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ከድምፃቸው አልወጣም ነበርና አንድን ቃል ሲወዱት ጎተት አድርገው፣ ዜማ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ያቆሙታል።

ተማሪዎቻቸውን በአገራቸው ነበር የሚጠሩት። እኔ «ደሃና» ነበርኩ። ከአበርገሌ የመጣው ሐጎስ በከተማው ስም «ኒሯቅ» ነበር። የከተማዋ ልጆች ይህ ማዕረግ ስለሌላቸው ይቀኑብን ነበር።

የሴል ክፍፍልን ያስጀመሩን ዕለት ደረጃዎቹን በቃላችን እንድንይዝ አዘዙን። እኛም እንደ ውዳሴ ማርያም እያዜምን «ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ» አልናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን።

«ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ አለቀ፣ ቲቸር» አለ ሐጎስ።

«ምኑ አለቀ?»

«ሴሉ ሁለት ሆነ።»

«ተላቀቁ?»

መምህር ኪሮስ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ሴል ሣሉ። ውስጡ ሁለት አስኳል አደረጉ፤ አንዱን ከወዲያ፣ አንዱን ከወዲህ።

«ክሮሞዞሞቹ እኩል ተካፍለው ሄደዋል፤ ጥሩ። አስኳሉ ሁለት ሆኗል፤ ይህም ጥሩ። ሴሉ ግን ይኸው አንድ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አባወራ ገብቷል እንጂ ሁለት ቤት አልሆነም። መጽሐፉ ይህንን በሁለት መስመር ነው ያለፈው። እኔ አላልፈውም። ስሙ ሳይቶካይኔሲስ ነው። ነገ እናየዋለን።»

በማግስቱ አንድ ስልቻ ተሸክመው ክፍል ገቡ። ከእህል ነጋዴ የተዋሱት የፍየል ቆዳ ስልቻ ነው፤ ግማሽ ድረስ የማሽላ ዱቄት ተሞልቶ አፉ ታስሯል። ጠረጴዛው ላይ አጋደሙትና ወገቡ ላይ ገመድ አዙረው ቀስ እያሉ ያጠብቁት ጀመር። ስልቻው መጀመሪያ መሃሉ ላይ ሰርጎድ አለ። ከዚያ ቅል መሰለ። በመጨረሻ ወዲህና ወዲያ ሁለት እብጠት፣ መሃሉ ላይ ቀጭን አንገት ሆነ። የፊት ወንበር የተቀመጡት ልጆች የዱቄት ብናኝ አስነጠሳቸው።

«የእንስሳ ሴል የሚከፈለው እንዲህ ነው» አሉ። «አሁን ደግሞ የት ላይ እንደዋሸኋችሁ ንገሩኝ።»

አስተማሪ ዋሸሁ ሲል ሰምተን አናውቅም። እሳቸው ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ ጸጥታ የማያስፈራቸው አስተማሪ ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

«ገመዱ ውጭ ነው» አለ ሐጎስ በመጨረሻ።

«ጎበዝ፣ ኒሯቅ። የሴሉ ገመድ ከቆዳው ሥር ነው። የሱሪ ማሰሪያ አስቡ። ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ወገቡን ዞሮ ይሰበስበዋል። ሌላስ?»

እኔ እጄን አወጣሁ፤ ወዲያው ደግሞ አወረድኩት። እሳቸው ግን አይተውኝ ነበር።

«ተናገሪ፣ ደሃና።»

«የሚጎትተው ሰው የለም» አልኩ። «ስልቻውን ያጠበቁት እርስዎ ነዎት። ሴሉ ውስጥ ግን ሰው የለም።»

ገመዱን ለቀቁት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ስጦታ የተቀበለ ሰው ነው የመሰሉት።

«ሁላችሁም ክንዳችሁን እጠፉ» አሉ። አጠፍን። «በሌላ እጃችሁ ጡንቻውን ያዙት። ጠነከረ? ማን ጎተተው? ጡንቻችሁ ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ሌላውን ይዞ ይስበዋል፤ ክንዳችሁ ይታጠፋል። የሴሉም ገመድ የተሠራው ከእነዚሁ ነው። ገመዱ ራሱ ጎታች ነው።»

ክፍሉ ሙሉ ክንዱን እያጠፈ እየዘረጋ ቆየ። እሳቸው ቀጠሉ። ወገቡ ጠብቦ ጠብቦ ሲያበቃ አንዲት ቀጭን ድልድይ እንደምትቀር፣ ሁለቱ አዲስ ሴሎች በእሷ ተያይዘው ጥቂት እንደሚቆዩ፣ እሷ ስትበጠስ ብቻ ተለያዩ እንደሚባል ነገሩን። እንግሊዝኛው ሲከብደን በአማርኛ ደገሙት። ከደሃና የመጣን ልጆች አሁንም ፊታችን እንዳልበራ ሲያዩ በኽምጣና ደገሙት። አንደኛ ደረጃ በቋንቋችን ተምረናል፤ ሁለተኛ ደረጃ ከገባን ወዲህ ግን ክፍል ውስጥ አልሰማነውም ነበር። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን የደስታ መሆኑን እሳቸው ያውቁ ነበር።

«ሽንኩርት ግን ወገቡን ማሰር አይችልም» አሉ ወደ መጨረሻው። «ተክል ነውና ሴሉ ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ አይሰረጉድም። ስለዚህ ከመሃል ይጀምራል። ጥቃቅን ከረጢቶች የግድግዳ መሥሪያውን ተሸክመው መሃል ላይ እየመጡ ያራግፋሉ። ግድግዳው ከመሃል ወደ ዳር እያደገ ሄዶ የድሮውን ግድግዳ ሲነካ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።»

«አባቴ ግንበኛ ነው» አለ ሐጎስ። «ከመሃል የሚጀመር ግድግዳ የለም።»

«ለአባትህ ሽንኩርት ይሠራል በለው።»

ሐጎስ አገሩ ደርሶ ሲመለስ የአባቱን መልስ ይዞ መጣ። «ያንን ሽንኩርት አምጣልኝ፤ ሥራ እሰጠዋለሁ ብሎዎታል» አላቸው። መምህር ኪሮስ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ጋደል ያለው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ተላቀቁ?» የምትለው ጥያቄ ከክፍላችን ወጥታ ከተማውን አዳረሰች። ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች ተደባድበው ገላጋይ ሲገባ፣ የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ «ተላቀቁ?» ይላል። የሰፈር ሽማግሌዎች ሁለት ጎረቤት አስታርቀው ሲወጡ አንዱ «ተላቀቁ?» ብሎ ጠየቀ ተባለ። ሰውየው ልጁ እኛ ጋ ይማር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ያኔ አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ነበረው። መብራት የሌለው፣ ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል ነው። መምህር ኪሮስ ሽንኩርት በሻይ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጠው ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዲበቅል አደረጉ። የሥሩን ጫፍ ቆርጠው አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ካሳደሩት በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ የቀረችውን ጥቂት አሲድ ተጠቅመው አለሰለሱት። የሴል ማቅለሚያ ስላልነበረ ከፋርማሲ ጂቪ ገዙ፤ አፉ ለቆሰለ ሕፃን የሚቀባውን ወይን ጠጅ ቀለም መድኃኒት ማለቴ ነው። ጣታቸው ለሳምንት ወይን ጠጅ ሆኖ ሰነበተ።

ጠረጴዛው ውጭ ወጣ። ተሰለፍን። ፀሐይዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር መስታወቷን ያዞራሉ፤ ደመና ሲመጣ ሁላችንም ወደ ላይ እናያለን። አንድ በአንድ ጎንበስ ብለን አየንና «አየሁ፣ ቲቸር» እያልን አለፍን።

«መልካም። ያያችሁትን ሣሉልኝ» አሉ።

ሣልን። እየዞሩ ተመለከቱ። የሁላችንም ሥዕል አንድ ዓይነት ነበር፤ የመጽሐፉን ሥዕል ነበር የሣልነው።

«ይሄ የመጽሐፉ ነው» አሉ ሳይቆጡ። «መጽሐፉ እኔም ጋ አለ። እንደገና ተሰለፉ። ምንም ካልታያችሁ ባዶ ወረቀት አምጡ፤ ባዶ ወረቀት አያስቀጣም።»

እንደገና ተሰለፍን። በዚህኛው ዙር እያንዳንዳችን ረጅም ጊዜ ወሰድን። እኔ መጀመሪያ የታየኝ ጭጋግ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ እንደ ድንጋይ ካብ የተደረደረ ነገር መጣ። ከካቡ ድንጋዮች በአንዱ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ሁለት ጥቁር ጉብታ፣ መሃል ላይ ደግሞ ዳር ያልደረሰች ቀጭን መስመር አየሁ። ቀና አልኩ።

«ዳር ደርሷል?» አሉኝ በዝግታ።

«ገና ነው» አልኩ።

«እንግዲያስ አይተሻል።»

ሐጎስ የእንስሳውን ሴል መቼ እንደምናይ ጠየቃቸው። መምህር ኪሮስ ወይን ጠጅ የሆነ ጣታቸውን ኮታቸው ላይ እየጠረጉ፣ «የእንስሳውን እኔም አላየሁም፣ ኒሯቅ» አሉ። «እኔም የሣልኩላችሁ ከመጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያን የሚያሳየው የመስታወት ስላይድ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።» በዚያ ዕድሜ ለእኔ አስተማሪ ማለት ሁሉን ያየ ሰው ነበር። ያላየ ሰው አላየሁም ብሎ ሲናገር ክብሩ እንደማይቀንስ ያየሁት ከእሳቸው ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ላቦራቶሪ መማር ከጀመርኩ በኋላ ጦርነቱ መጣ። መምህር ኪሮስ ከባለቤታቸው ከእትዬ ለምለም ጋር በእግር ከተማውን ለቀው ወጡ፤ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በሰው አገር ተፈናቅለው ቆዩ። ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ባዶ ነበር። ስደውልላቸው ስለ ማይክሮስኮፑ ጠየቅኋቸው።

«የለም» አሉ። «ሰሌዳው ግን አለ። ስልቻም አይጠፋም።»

ዓመታት አለፉ። እኔ ተመርቄ ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ፓቶሎጂ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከበሽተኞች የተወሰደውን ናሙና መስታወት ላይ አድርቆ ማቅለም ነው። ፓቶሎጂስቷ ዶክተር ሰናይት ትባላለች፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይታ በሽታውን የምትለየው እሷ ናት።

አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ወንበር ከያዙት ሰዎች መካከል ቡናማውን ኮት አየሁ። ቀና ሲሉ አንገታቸው ላይ፣ ከጆሮአቸው በታች፣ የእንቁላል ያህል እብጠት ነበር። እትዬ ለምለም አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።

«ደሃና» አሉኝ፤ እኔ ሰላም ከማለቴ በፊት። «እዚህ እንደምትሠሪ ሰምቼ ነበር። ታቀልሚያለሽ አሉ።»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«በጂቪ?»

«በተሻለ ነገር» አልኳቸው፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ዶክተር ሰናይት ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወሰደች። ያቀለምኩት እኔ ነኝ። መስታወቷን ለዶክተሯ ሰጠኋት። ዶክተር ሰናይት ረጅም ጊዜ አየች። ሌላ ሐኪም ጠርታ አሳየች። ከዚያ መምህር ኪሮስን ቢሮዋ አስገብታ የንፍፊት ዕጢ ካንሰር መሆኑን፣ ሌላ ምርመራ እንደሚጨመር፣ መድኃኒትም እንዳለው በደንብ አስረዳቻቸው። እንድገባ ስለፈለጉ እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት። ስትጨርስ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ዶክተር» አሉ። «ካንሰር ከሆነ ሴሎቹ እየተከፈሉ ነው ማለት ነው። መስታወቱ ላይ ሲከፈሉ ይታያሉ?»

«ይታያሉ። ብዙ አሉ።»

«መጨረሻው ላይ የደረሰ አለ? ወገቡ የጠበበ?»

ዶክተር ሰናይት ወደ እኔ አየች። «መምህሬ ናቸው» አልኳት። «የሴል ክፍፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ማየት እችላለሁ?» አሉ መምህር ኪሮስ። «ካልተፈቀደም አይከፋኝም።»

ሁለት ሰው አብሮ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለን፤ አዳዲስ ሐኪሞች የሚማሩበት ነው። ዶክተር ሰናይት በአንዱ በኩል ተቀመጠች፣ እሳቸው በሌላው። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። እሷ መስታወቷን እያንቀሳቀሰች ስትፈልግ ቆይታ አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«ይኸው» አለች። «የመጠቆሚያው ቀስት ጫፍ ላይ።»

መምህር ኪሮስ ትንፋሻቸውን ሲይዙ ይሰማ ነበር። እኔ ከኋላቸው ቆሜ የማየው ጀርባቸውን ብቻ ነው፤ ጋደል ያለውን ትከሻ፣ በእጅጌያቸው ላይ የቀረውን የጠመኔ ነጭ። ስንት ጊዜ ለስንት ልጅ የሣሉትን ነገር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እያዩ ነበር፤ ያዩትም በገዛ ሥጋቸው ውስጥ ነው።

«የኔ ናቸው እንግዲህ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የእርስዎ ናቸው» አለች ዶክተር ሰናይት።

«ይህን ሁሉ ሲሠሩ እኔ አልሰማኋቸውም።»

ቀና አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የክፍል ድምፅ ነው። «ደሃና፣ እኔ አሳምሬ ነበር የምሥልላችሁ። ሁለት እኩል ክብ። ይሄ ዳሩ የተሸራረፈ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይተልቃል። ወገቡም ቀጥ አላለም።» ጥቂት አሰቡ። «ተማሪዎቹ እንዲህ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።»

ሕክምናው ተጀመረ። ከሚሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ክሮሞዞሞቹን ወዲህና ወዲያ የሚጎትተውን ክር እንዳይሠራ የሚያደርግ ነው። ዶክተሮቹ ይህን ሲነግሯቸው፣ «ታዲያ ወገብ እስከ ማጥበቅም አይደርሱም» አሉ፤ ሐሳቡ ደስ አላቸው። መድኃኒቱ ግን የሚከፈለውን ሴል ሁሉ ነውና የሚያገኘው፣ አፋቸው ቆሰለ፣ ፀጉራቸው ረገፈ። በሕክምናው ዙሮች መካከል ሰቆጣ እየተመለሱ ቆብ አድርገው ያስተምሩ ነበር። አንዲት ተማሪ ፀጉራቸው ምን እንደሆነ እንደጠየቀቻቸው በስልክ ነግረውኛል። ቆባቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን ሰሌዳ አደረጉት፤ የፀጉር ሥር ሴሎች ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚከፈሉ፣ መድኃኒቱም የወዳጅና የጠላት ክፍፍል ለምን እንደማይለይ አስረዷቸው። ሰሌዳውም ላይ አዲሱን ሥዕል ሣሉ፤ የተሸራረፈውን፣ እኩል ያልሆነውን።

«አንዱ ተማሪ ቲቸር አበላሽተው ሣሉት አለኝ» አሉና ሳቁ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በስልክም የሚታየኝ መሰለኝ።

እብጠቱ ጠፋ። አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ ደህና ሆነው ከረሙ። ከዚያ ተመለሰ፤ በዚህኛው ጊዜ በብዙ ቦታ ነበር። ሌላ መድኃኒት ተሞከረ፤ ሰውነታቸው አልቻለውም። «ቤቴ ልሂድ» አሉ፤ ሐኪሞቹም አልከለከሏቸውም። ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር ስለ በሽታቸው አንድም ቃል አላነሡም። የዘንድሮ ተማሪዎች ጎበዞች መሆናቸውን፣ አንዲት ከአበርገሌ የመጣች ልጅ ከማንም በላይ ጥያቄ እንደምትጠይቅ ነበር የነገሩኝ።

የቀብሩ ዕለት ሜዳው በሰው ሞልቶ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ቄሶች፣ ነጋዴዎች። አንድ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ሐጎስ አለ። ሪያድ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል፤ ድምፁን ግን ዘግቶታል።

እትዬ ለምለም አላለቀሱም። ሬሳው ሲወርድም፣ አፈር ሲለብስም ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ሴቶቹ ይህን እያዩ ተጨነቁ፤ «ይውጣልሽ፣ እናቴ፣ አልቅሺ» ይሏቸዋል። እትዬ ለምለም እህልም አልቀመሱም።

በማግስቱ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሰው ሳሳ ሲል እትዬ ለምለም አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«አንቺ ስለዚህ በሽታ ታውቂያለሽ» አሉ በኽምጣና፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝግ ብለው። «እኔ የምጠይቅሽን ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እብጠቱ ሲወጣ ሐኪም ቤት እንሂድ ያለው እሱ ነበር። እኔ ነኝ መጀመሪያ ጸበል ያልኩት። እኔ ብዬ ነው እዚያ የሰነበተው። ያ ጊዜ ነው የገደለው?»

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼው ነበር። ከዶክተር ሰናይት ቢሮ ስንወጣ መምህር ኪሮስ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ከኋላ ሰው እንደሌለ አይተው፣ ዶክተሯን በዝግታ ጠይቀዋታል። ያንን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አሁን ለእትዬ ለምለም ነገርኳቸው።

«እሳቸውም ጠይቀው ነበር» አልኳቸው። «ጸበል ቦታ የሰነበትኩት ጎድቶኛል ወይ ብለው ዶክተሯን ጠየቋት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን አለችው?»

«አንዱ ሴል ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። እንዲህ እየተከፈለ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት እስኪሆን ድረስ ብዙ ጊዜ ሲሠራ ኖሯል አለቻቸው። እብጠቱ የታየ ዕለት በሽታው አዲስ አልነበረም። ጸበል ላይ የሰነበቱት ጊዜ ከዚያ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ነገሩን አይለውጠውም ነበር አለች። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ምክንያቱን ኮሪደሩ ላይ ነገሩኝ። ለለምለም ብነግራት ጠርጥሮኝ ኖሯል ትላለች፤ እኔ ደግሞ አልጠረጠርኳትም አሉ። አንድ ቀን ራሷ ትጠይቅ ይሆናል፤ ከጠየቀችሽ ንገሪያት አሉኝ።»



«እኔ ለራሴ ሳልጠይቅ በፊት ጠይቆልኛል» አሉ እትዬ ለምለም።

«አዎ።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ለቅሷቸው መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ኋላ ወጣ። ግቢ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሰምተው ተከታትለው ገቡ። ምን እንዳልኳቸው የጠየቀኝ የለም። አንዷ ጎረቤታቸው አቅፋ ደረቷ ላይ አስጠጋቻቸው፤ እኔም ቦታዬን ለቅቄ ውሃ ላመጣላቸው ወጣሁ።